የድልድዩ ሰልፈኞች

ገሠሠ ያላየውን መሳል አይችልም፤ ይህን የናዝሬት ሰው ሁሉ ያውቃል። የጭነት መኪና በር ላይ አንበሳ ሳልልኝ ሲሉት እንኳ፣ አንበሳ ያለበት የክብሪት ቀፎ ካልሰጡት ብሩሽ አያነሳም። «ዓይኔ ያላየውን እጄ አያውቅም» ይላል፤ ደግሞ ይኮራበታል።

ስለዚህ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ንዋይ፣ በሞጆ መውጫ ባለው ድልድይ ግንብ ላይ ሰልፈኛ ወጣቶች እንዲስል ሲያዘው፣ ገሠሠ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ አቆማቸው። ሰባት ነበሩ። ከፊት ያቆመው አንድያ ልጁን ሙሉአለምን ነው፤ ከኋላው የጎረቤቱን የሽታዬን ልጅ ቀነዓን፣ ከዚያ ሌሎቹን። ማንም አላስገደደውም። ከጋዜጣ ላይ የማያውቃቸውን ፊቶች ቢገለብጥ ማን ይከሰው ነበር? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ቀበሌው በሙሉ ወጣ። ሴቶቹ ኖራ በጠበጡ፣ ወንዶቹ መወጣጫ አቆሙ። ገሠሠም ድሮ ከአንድ ጣሊያን ግንበኛ የተማረውን ዘዴ አወጣ፤ የልጆቹን ዓይንና የጫማቸውን አፍንጫ በቀጥታ ወደ ተመልካቹ አዞረው። በየትም በኩል ብትቆም ሰባቱም ወደ አንተ ይመጣሉ። ወደ ግራ ብትሄድ ይከተሉሃል፣ ወደ ቀኝም ብትሄድ ይከተሉሃል። ሰፈሩ ጉድ አለ። ሽታዬማ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች፣ «ያ ዋቅ! አምላኬ! ቀነዓ ተከተለኝ እኮ!» እያለች እንደ ልጅ ሳቀች።

በዓሉ አለፈ። በጥር ግን የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ መጣ። እናቶች ልጆቻቸውን አሸሹ፤ ቀነዓ ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ካለ የሽንኩርት ማሳ ገባ፣ ሙሉአለም ቡልቡላ ያለችው አክስቱ ዘንድ ሄደ። ከሌላ አውራጃ የተላከው መልማይ ቤት ለቤት ቢዞር ያገኘው ሽማግሌና ሕፃን ብቻ ነው።

«ይኼ ቀበሌ ወጣት አልፈጠረበትም?» አለው ጓድ ንዋይን። ተናዶ በድልድዩ በኩል ሲመለስ ሰባቱ ልጆች ወደ እሱ መጡ። መልማዩ መኪናውን አስቆመ። «ነገ ጠዋት ፎቶ አንሺ ይምጣ። ፊታቸው በየኬላው ይለጠፋል።»

ገሠሠ ይህን በሰማ ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አንድ ባልዲ ኖራ ይዞ ድልድዩ ጋ ደረሰ። ሰባቱንም ፊት ለማጥፋት ነበር ሐሳቡ። ግን ከራስ በላይ ነፋስ ነውና ከሙሉአለም ጀመረ። ቢቀባው የልጁ ዓይን በእርጥቡ ኖራ ውስጥ አሁንም ያየዋል። ደገመው፤ አሁንም ያየዋል። ሠለሰው። ኖራ የሚነጣው ሲደርቅ መሆኑን ከገሠሠ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ያን ጠዋት ግን አባት እንጂ ቀለም ቀቢ አልነበረም። አራተኛውን ሲቀባ የመልማዩ መኪና ደረሰ። ስድስቱ ፊቶች እንዳሉ ነበሩ።

«ይኼ የጠፋው የማን ልጅ ነው?» አለ መልማዩ።

የጓድ ንዋይ ዓይን ወደ ገሠሠ በኖራ የነጣ እጅ ሄደ፤ ያ በቂ ነበር።

ስድስቱን በፎቶው እያዩ ከየኬላውና ከየማሳው ለቀሟቸው። ገሠሠ ታስሮ ቢገረፍም ልጁ ያለበትን አልተናገረም። ምን ዋጋ አለው? ሙሉአለም የአባቱን መታሰር ሲሰማ ራሱ ከቡልቡላ መጥቶ እጁን ሰጠ፤ አባቱም ተፈታ። ሰባቱም ባንድ መኪና ተጭነው ወደ ሰሜን ሄዱ። መጀመሪያ ደብዳቤ ነበር። ከዚያ ደብዳቤም ቀረ።

እነሆ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሽታዬ ከገበያ ስትመለስ ድልድዩ ጋ ትቆማለች። «ኮቱ፣ ኢልመ ኮ! ና ልጄ!» ትለዋለች። ቀነዓ ይመጣል፤ በግራ ብትቆምም ይመጣል፣ በቀኝ ብትቆምም ይመጣል፤ አይደርስም እንጂ።

የገሠሠ ሚስት ዘርፉ ግን ይህም የላትም። ወደ እሷ የሚመጣው ጫማና ሸሚዝ ነው፤ ከኮሌታው በላይ ኖራ ነው።

«የሰው ሁሉ ልጅ እናቱን ያያል» አለችው አንድ ቀን። «የኔንም ፊቱን መልስልኝ።»

ፎቶ አልነበራቸውም፤ የነበረችውን አንዲት ጉርድ ፎቶ ልጁ እጁን ሲሰጥ ለመዝገብ ወስደውበታል። ቢሆንም ገሠሠ እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። መወጣጫውን አቁሞ ወጣ፣ ኖራውን ጥግ ላይ ፋቅ ቢያደርገው የሥሩ ቀለም አብሮት ተላጠ፤ ብሩሹን ቀለም ነከረ፣ ነጩን ግንብ ብዙ አየው። የልጁ ግንባር ሰፊ ነበር? ቅንድቡስ? እጁን ጠየቀ፤ እጁ አያውቅም። በመጨረሻ አንድ ነገር ትዝ አለው፣ ከዚያ ልጀምር ብሎ ወደ ታች ጮኸ።

«ዘርፉ! ማርያም የሳመችው በየትኛው ጉንጩ ነበር?»

ዘርፉ ወዲያው ግራ ጉንጯን ነካች። እጇ እዚያው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ ቀኙ ሄደ፣ ተመለሰ። ከዚያ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ገሠሠ ቀለሙ ብሩሹ ላይ እስኪደርቅ ጠበቃት።