አንድ ኢንች የሚሞላ ፊደል

የሽጉጥ ሕጉ ከመለወጡ በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር። በሪብኒክ ከተማ ዋና መንገድ ላይ ያለው የቭራና ዳቦ ቤት በሩ መስታወት ነው፤ የመስታወቱ ወርድ ሃያ ስምንት ኢንች፣ ቁመቱ አርባ ስምንት። ከላይ በኩል አሥራ ሰባቱን ኢንች «ኤሚል ቭራና እና ልጆች» የሚል የወርቅ ጽሑፍ ይዞታል። የቀረው ሠላሳ አንድ ኢንች ባዶ ነው። በቴክሳስ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን በልብሱ ሸፍኖ መያዝ ይችላል፤ በግልጽ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ከታየ ግን ወንጀል ነው። ከሰው ሸሚዝ ሥር ምን እንዳለ አዴላ ቭራና ጠይቃ አታውቅም። ያላየችው አይከብዳትም።

አዴላ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ዳቦ ቤቱን ከአባቷ ከኤሚል ከመረከቧ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በወተት ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ስለሠራች፣ በግምት መሥራት አይሆንላትም። ከተማው ጠዋት ጠዋት የሚሰለፍለት ኮላቺ የሚባል ጣፋጭ ዳቦ፣ መሐሉን ፕሪም የሚሞላው፣ እያንዳንዱ ሊጥ ሃምሳ ስድስት ግራም ይመዝናል። ሃምሳ አምስት ከሆነ ወደ ቡሆው ይመለሳል። ከሽርጧ ኪስ የብረት ማስመሪያ አይጠፋም።

ባንኮኒው የኦራሊያ ትሬቪኞ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆማበታለች። በሃያ ሁለት ዓመቷ ሂዩስተን ነዳጅ ማደያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሳለች፣ አንድ ሰው ጃኬቱን ገለጥ አድርጎ የሽጉጡን እጀታ አሳይቷታል። አላወጣውም፣ አልተኮሰም፣ ቃልም አልተናገረም። እሷ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ወደዚያ ማደያ አልተመለሰችም።

ሽጉጥ በግልጽ መታጠቅን የሚፈቅደው ረቂቅ ለምክር ቤቱ ቀረበ በተባለ ዕለት ኦራሊያ ሽርጧን እያሰረች እንዲህ አለች፤ «አዴላ፣ አስቀድሜ ልንገርሽ። ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሰቅሎ እዚህ ፊቴ ቆሞ ኮላቺ የሚያዘኝ ሰው ከመጣ፣ ይሄን ሽርጥ ፈትቼ እሄዳለሁ።»

«አይገባም።»

«ማን ሊከለክለው?»

«እኔ ነኛ።»

የምክር ቤቱ ኮሚቴ የሕዝብ አስተያየት በሚሰማበት ቀን አዴላ ወደ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ወደ ኦስቲን የሄደችው በአክስቷ ልጅ በሌሮይ ኩቤና መኪና ነው። ሌሮይ አጥር ሠሪ ነው፤ ከግራ ወገቡ ሜትር አይለየውም። ረቂቁን ሊደግፍ ነው የሚሄደው፣ እሷ ልትቃወም። መንገዱ ዘጠና ማይል ስለሆነ በሁለት መኪና መሄድ ለሁለቱም ሞኝነት መሰላቸው።

«ስትናገሪ እንዳታለቅሺ» አላት።

«አንተ ስትናገር እንዳትተኛ።»

ሰባት ሰዓት ሙሉ ጠበቁ። ሌሮይ አርባ አንደኛ ሆኖ ተናገረ። እሷ ስልሳ ሦስተኛ ነበረች። ተራዋ ሲደርስ ብብቷ ሥር ይዛው የዋለችውን ጥቅል የዳቦ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሁለቱ ጫፎች ወደ ወለሉ ተንጠለጠሉ።

«ወይዘሮ ቭራና፣ ሁለት ደቂቃ አለዎት» አሉ ሰብሳቢው።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ይሄ ታጣቂ እንዳይገባብኝ ከፈለግሁ እኔ ባለ ሱቋ በሬ ላይ እንድለጥፍ ያረቀቃችሁልኝ ማስታወቂያ ነው፤ በልኩ። ቃሉ የእናንተ፣ በሁለት ቋንቋ፣ እያንዳንዱ ፊደል ከአንድ ኢንች የማያንስ። ‹ሽጉጥ ይዘህ አትግባ› ለማለት ሦስት ቃል ይበቃኝ ነበር። የእናንተ በኔ በር ሃያ ሦስት መስመር ይወጣዋል። ላንብብላችሁ።»

ማንበብ ጀመረች። አሥረኛው መስመር ላይ ስትደርስ አንድ አባል አቋረጧት። «ይቅርታ ወይዘሮ፣ እርስዎ ሽጉጥ ይፈራሉ?»

«ቤቴ ሦስት አለኝ፣ ክቡርነትዎ። ዳቦ የምቆርጥበት ትልቅ ቢላዋም አለኝ፤ ግን ታጥቄው ቤተ ክርስቲያን አልሄድም።»

ከኋላ ሳቅ ተነሳ። ሰብሳቢው መዶሻቸውን መቱ። «ጊዜዎ አልቋል።»

«ማስታወቂያው ግን አላለቀም። እናንተ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሰምታችሁ ያልጨረሳችሁትን ነው፣ ደንበኛዬ ደጅ ቆሞ ያንብበው የምትሉኝ?»

«ጊዜዎ አልቋል ወይዘሮ!»

ወረቀቱን ጠቅልላ ወጣች። ወደ ቤት ሲመለሱ ሌሮይ እስከ ግማሽ መንገድ ብቻውን ሲስቅ ነበር። «ቢላዋውን ከየት አመጣሽው በናትሽ?»

«ከመሳቢያዬ።»

«መሸነፉን ግን ትሸነፊያለሽ።»

«እሸነፋለሁ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ታጥቄ እመጣለሁ።»

«ና። በሩ ላይ ታነባለህ።»

«ልክ ካልሆነ አላነብም፣ እህት ዓለም። ሕጉ አንድ ኢንች ነው የሚለው። ሜትሬን ይዤ ነው የምመጣው።»

የጸደዩን ክርክር ሁለቱ ሴቶች ስልኩን የዱቄት በርሜል ላይ አስደግፈው ተከታተሉት። ኦራሊያ ትሪ እያጠበች ትሳደባለች፤ አዴላ ሊጥ ትመዝናለች። ረቂቁ በሁለቱም ምክር ቤቶች በሰፊ ብልጫ አለፈ። ሕጉ በአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ቀን፣ ጃንዋሪ አንድ፣ ሊጸና ተወሰነ።

በታኅሣሥ አዴላ ቀለም ገዝታ በሩ ፊት ቆመች። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ሠራችው፤ ሦስቴም ያው ወጣ። ሃያ ሦስት መስመር ባለ አንድ ኢንች ፊደል፣ በመሐላቸው ግማሽ ግማሽ ኢንች፣ ሠላሳ አራት ኢንች ይፈልጋል። ክፍተቱ ከዚያ ካነሰ መስመሮቹ ተደራርበው አይነበቡም። ያላት ሠላሳ አንድ ኢንች ነው። ከሱ በላይ ያለው አባቷ ነው።

ኤሚል ጽሑፉን ያሠራው እሷ ሳትወለድ፣ ከተማ ለከተማ እየዞረ ለሚሠራ ጸሐፊ የሁለት ወር ትርፉን ከፍሎ ነው። አዴላ ፊደል የለየችው ከዚያ ነው፤ ከውስጥ ሆና፣ ከተገላቢጦሹ።

አሥሩን የእንግሊዝኛ መስመር በአንድ ኢንች ጻፈች። አሥራ ሦስቱን የስፓኒሽ መስመር በሦስት አራተኛ ኢንች ጻፈች። ሁሉም ገባ። ሌሮይ ያለው ለቀልድ ነው፣ ማን ይለካዋል ብላ ማስመሪያውን ኪሷ ከተተች።

በአዲሱ ዓመት ሁለተኛ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሌሮይ መጣ። በግራ ወገቡ ሜትር፣ በቀኙ አዲስ የቆዳ ሰገባ፣ ሰገባው ውስጥ ሽጉጥ። ደጅ ሆኖ ሜትሩን መዘዘ። ጎንበስ ቀና እያለ ለካ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንደ ወትሮው በትሕትና ገባ።

«እንደምን አደርሽ ኦራሊያ። የእንግሊዝኛው ልክ ነው። የስፓኒሹ ሩብ ኢንች ጎድሎታል፤ ስለዚህ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ስድስት የፕሪም ስጪኝ።»

የኦራሊያ እጅ ወደ ሽርጧ ቋጠሮ ሄደ።

አዴላ እጇ ዱቄት እንደሆነ ከጓዳ ወጣች። «ሌሮይ፣ ውጣ።»

«በአፍሽ ከነገርሽኝማ እወጣለሁ፤ ይሄም ሕግ ነው።» ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። «አንድ እኔን አስወጣሽ። ነገ ሃያ ሰው ቢመጣ ለሃያውም ከጓዳ እየወጣሽ ልትናገሪ ነው?»

በሩ ከኋላው ተዘጋ። ኦራሊያ ማስመሪያውን ከአዴላ ኪስ መዥርጣ ወሰደችና መስታወቱ ላይ ራሷ ለካች።

«ለሃያው የምናገረው እኔ ነኝ» አለች፤ «አንቺ ጓዳ ነሽ። ይሄን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሃምሳ አምስት ግራም ሊጥ የምትመልሺው ሴትዮ!»

«አባቴ ላይ እጄን ማንሳት ከበደኝ።»

«ስለዚህ የኔን ቋንቋ ቀነስሽ።»

ኦራሊያ ሽርጧን ፈታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችና ሄደች።

አዴላ ለተሰለፉት ሰዎች ዳቦ ቤቱ ለዛሬ ተዘግቷል አለች። የሳምንቱ ትልቅ ገበያ ቅዳሜ ነው፤ አርባ ትሪ ኮላቺ መደርደሪያው ላይ ነበር። ምላጭ አመጣች፣ መሰላል ላይ ወጣች፣ ከ«ኤሚል» መጀመሪያ ፊደል ጀመረች።

ሌሮይ መኪናው ውስጥ ሆኖ ያይ ነበር። ዘሎ ወረደና መስታወቱን ደበደበ። «አዴላ! አብደሻል እንዴ? አጎቴ ኤሚል እኮ ነው!»

«አጎትህ ኤሚል የጎደለ ሊጥ ይመልስ ነበር።»

«ወረቀት ለጥፊበት! ከላዩ ለጥፊበት፣ ማን ከለከለሽ?»

«አባቴን በወረቀት አልሸፍነውም። ከተነሳ በእጄ ይነሳ።»

«ሰሌዳ እሠራልሻለሁ፣ በነጻ! ተዪው ይሄን ነገር!»

«ሰኞ ሜትርህን ይዘህ ና» አለችው፤ ወደ እሱም አልዞረችም።

የተፋቀውን ወርቅ ከነአቧራው ጠርጋ በሊጥ ሚዛኗ መዘነችው። ሁለት ግራም ነበር። ከዚያ ሁለቱንም ጽሑፍ በማጽጃ አጥባ መስታወቱን ባዶ አደረገችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኦራሊያ በዚያ ስታልፍ ባዶውን በር አየች። ብዙ ቆማ አየችው። ከዚያ አንኳኳች።

«የስፓኒሹን እኔ ነኝ የምጽፈው» አለች።

«እሺ።»

«ከላይ ነው የሚሆነው።»

አዴላ ሕጉን አውጥታ እንደገና አነበበች። «የትኛው ከላይ ይሁን የሚል ነገር የለውም» አለችና ብሩሹን አቀበለቻት።

ሰኞ ሌሮይ ሲመጣ ኦራሊያ ሽርጧን አስራ ባንኮኒው ላይ ነበረች። እሱ ደጅ ቆሞ፣ ሰገባው በቀኝ፣ ሜትሩ በእጁ፣ ከላይ ጀመረ። ተራ ለመያዝ የመጡት ሰዎች ዙሪያውን ከበቡት።

«ሌሮይ፣ አጥር ነው እንዴ?» አለው አንዱ። «እኛ እኮ ርቦናል!»

«ዝም በል፣ ቆጠራ ታጠፋብኛለህ።»

መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ተንበረከከ። ሁለት ጊዜ ለካው። ቀና ሲል አዴላ በሩን ከፍታ ቆማ ነበር።

«እ?» አለችው።

ሌሮይ ወደ መኪናው ተመልሶ ሰገባውን ከነሽጉጡ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት፣ ተመልሶ መጣ፣ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ። በመስታወቱ ላይ ሃያ ሦስት መስመር ነበር፤ ሃያ ሦስቱም አንድ ኢንች ከአንድ ስምንተኛ።