የድድ ቀለም ያለው እጀታ

ሽጉጡ የጥርስ ሠሪው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሁኔታው እንዲህ ነበር። በራሱ የሚጎርስ፣ ያገለገለ፣ በዕድሜ ጥርስ ሠሪውን የሚበልጥ ሽጉጥ ነው። የጥይት ካዝናው ውስጡ እንደገባ ነው፤ ባዶ። የእጀታው የግራ ሽፋን ስንቱ መዳፍ አሽቶት እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። የቀኙ ከላይኛው ብሎን እስከ ታችኛው ተሰንጥቆ በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ተጠምጥሟል። ከብሎኖቹ የአንደኛው ራስ ተበልቶ ካቻቢቴ አይዝም። ከአጠገቡ፣ በሰም ቁርጥራጭና በጥርስ ቅርጾች መካከል፣ የሽጉጡ ባለቤት ክርናቸውን አስደግፈው ተቀምጠዋል፤ የጥርስ ሠሪው ሚስት አባት፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ።

"ስጨብጠው ይላወሳል" አሉ። "የሚላወስ መሣሪያ ደግሞ የሚያስፈራራ ሳይሆን የሚያስቅ ነው።"

"ምን ሊሠሩበት ነው አባባ?"

"ምን ይሠሩበታል? ክረምት እየመጣ አይደል?"

ጥርስ ሠሪው ገባው። የጎረቤትየው አሸንዳ የጣሪያውን ውኃ ሁሉ ሰብስቦ የሚደፋው በሽማግሌው መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ጎረቤትየው ጡረተኛ የባንክ ሰው ነው፤ ሽማግሌው ግን ስሙን ትተው "አሸንዳ" ብቻ ይሉታል። አስታራቂ ገብቶበታል፤ አልሆነም። መሐንዲስ መጥቶ አይቷል፤ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። በመጨረሻ ሽማግሌው ሽጉጡን ከአንድ የቀድሞ ባልደረባቸው ገዙ፣ ፈቃዱን አወጡ፣ ፈቃዱን በላስቲክ አስለበጡ፣ ከዚያም ማሉ፦ ዘንድሮ አንዲት ጠብታ ግድግዳዬን ብትነካ ወይ አሸንዳው ወይ ባለቤቱ ይበሳል።

በነጋታው የሚስቱ እናት መጡ። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል፤ ለሰበብ ነው።

"ልጄ፣ የዚያን ሰውዬ ነገር አደራ። አበላሽልኝ።"

"ምኑን እማማ?"

"እጀታውን ነዋ! እንዳይጨበጥ አድርገው። ይህ ሰው በዚህ ዕድሜው እስር ቤት ገብቶ እኔ ስንቅ ላመላልስ?"

"እንዴት አድርጌ ላበላሸው?"

"እኔ ምን አውቄ! መጀመሪያ ለእኔ የሠራህልኝን ጥርስ እንዴት አድርገህ ሠራኸው? ሾርባ እንኳ አልጠጣሁበትም። ልክ እንደዚያ አድርገህ ሥራው።"

ጥርስ ሠሪው እሺ አለ። ከልቡም ነበር፤ የአማቱ ወደ ወኅኒ መውረድ፣ የሚስቱ ለቅሶ፣ የጎረቤቱ ደም፣ ሁሉም ታይቶታል። ግን ያቺ የሾርባ ነገር እንደ እሾህ ውስጡ ቀረች።

ሥራውን ሲጀምር ለማበላሸት አስቦ ነበር። ችግሩ እጁ ነው። ሙያ የለመደ እጅ ተንኮል ሲያዙት አይሰማም። ሽማግሌውን ጠርቶ፣ ለአፍ ልክ መውሰጃ የሚሆነውን ሊጥ በጥብጦ በባዶው ሽጉጥ እጀታ ላይ ለቀለቀውና፣ "ይጨብጡ፤ እስክነግርዎት እንዳይነቃነቁ" አላቸው። ሽማግሌው ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ደረታቸውን ነፍተው ጨበጡ። ሊጡ ሲደርቅ የእያንዳንዱ ጣት ልክ፣ ቀለበታቸው እንኳ ሳይቀር ወጥቶበታል። ያን የመሰለ ልክ በእጁ ይዞ ክፉ ሥራ መሥራት አልሆነለትም።

ለሽፋኑ የተጠቀመው ጥርስ የሚተከልበትን ሰው ሠራሽ ድድ ነው፤ ሌላ ነገር በቤቱ የለም። ከቀለሞቹ ጠቆር ያለውን መረጠ። ድዱ የእውነት እንዲመስል ቀጫጭን ቀይ ክሮች ተበትነውበታል፣ እንደ ደም ሥር። ቀቀለው፣ ሞረደው፣ ወለወለው። ከዚያም የሙያውን ሕግ ተከተለ፦ ክፍተት ባለበት ምግብ ይገባል፤ ምግብ በገባበት ቁስል ይወጣል። ጥርስ ከጥርስ መግጠሙን የሚያይበትን ባለቀለም ስስ የመንከሻ ወረቀት ይዞ ዙሪያውን ፈተሸ። በእጀታው ግርጌ፣ ካዝናውን ይዛ የምታስቀር ክራንቻ የመሰለች ማገጃ አለች፤ ከጀርባዋ ክፍተት አገኘ። ሞላው። ደግሞ ፈተሸ፤ ወረቀቱ አላለፈም። የተበላውን ብሎን ቀይሮ አራቱንም አጠበቀ።

በሕይወቱ እንዲህ ያማረ ነገር ሠርቶ አያውቅም። አማቲቱን በምን ዓይኑ እንደሚያይ ግን ጨነቀው።

ሽማግሌው ጨበጡት። "እብነ በረድ! እንደ ገዛ እጄ ነው እኮ" አሉ። አማቲቱ ከኋላቸው ቆመው ጥርስ ሠሪውን አዩት፤ ጥርሳቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠቀለሉ። ያ ከስድብ ይከፋል።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ዝናቡ እሑድ ምሳ ላይ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት ወረደ። መጀመሪያ ቆርቆሮው ተንጫጫ፤ ቀጥሎ ከመኝታ ቤቱ ወገን ግድግዳው በውኃ ሲገረፍ ተሰማ። ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከመሳቢያ ሽጉጡን፣ ከመነጽር ማኅደራቸው ጥይቶቹን አወጡ። ካዝናውን ለማውጣት ማገጃዋን በአውራ ጣታቸው ገፉ። አልነቃነቅ አለች። በሁለት አውራ ጣት ገፉ። ፊታቸው ቀላ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

ጥርስ ሠሪው አንገቱን አስግጎ አየ። ለካስ ያ ክፍተት ጉድለት አልነበረም። ማገጃዋ ስትገፋ የምትሄድበት ቦታ ነበር። ካዝናው ባዶውን ገብቶ ባዶውን ተዘግቶበታል።

"ጠብቋል" አለ ቀስ ብሎ።

"መጥበቁንማ እኔም አየሁ!"

ግን አንዴ ተነሥተዋል። በልጆቻቸው ፊት ተነሥቶ መልሶ መቀመጥ የማይታሰብ ነው። ባዶ ሽጉጥ ይዘው ዝናብ ውስጥ ወጡ። ቤተሰቡ መስኮቱ ላይ ተደራረበ።

ጎረቤትየው በአጥሩ ማዶ ጃንጥላ ይዞ አሸንዳውን ያያል።

"አንተ አሸንዳ! ዛሬ አለቀልህ!" ሽማግሌው ሽጉጡን ከፍ አደረጉ።

ጎረቤትየው መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ፤ ጠጋ አለ፤ አንገቱን በአጥሩ ላይ አሻገረ።

"እስቲ አዙረው... ይሄ እኮ ድድ ነው።"

"ምን?"

"ድድ! በአፌ ተሸክሜው የምኖረውን ላላውቀው ነው? ደም ሥሩ ሳይቀር። የእኔ ግን እንደ ሰፊ ጫማ ሲንኳኳ ይውላል፤ ያንተ አይላወስም?"

ሽማግሌው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን ኩራት ነበር። "አይላወስም! እንካ፣ ራስህ ያዘው!" ብለው መሣሪያውን ለጠላታቸው አቀበሉ።

"ለእኔ እጅ አልሆነም።"

"እንዴት ይሆንሃል? የተለካው በእኔ!"

"ማን ሠራልህ?"

"አማቼ ነዋ።"

ጎረቤትየው ሽጉጡን ከነክብሩ መለሰ። ምላሱን በሚንኳኳው ጥርሱ ላይ አዟዟረ። "ለእኔስ አይሠራልኝም?"

"መጀመሪያ አሸንዳህን አዙር!"

ጥርስ ሠሪው መስኮቱ ጋ ቆሞ ራሱ ሲሸጥ ሰማ። አሸንዳው ማክሰኞ ወደ መንገዱ ዞረ፤ ጎረቤትየው ረቡዕ አፉን ከፍቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

አማቲቱ ሁለቱንም ጉንጩን ሳሙት። "እጅህ ይባረክ! ዕቃ እንዲህ አድርጎ የሚያበላሽ ሰው አላየሁም።"

"አላበላሸሁትም እማማ! አንድ እንከን የለውም!"

"አይ ትሕትና" አሉ አማቲቱ።

በሳምንቱ ሽማግሌው ሽጉጡን ይዘው መጡ። "ከታች ትንሽ ጠብቃለች፤ ፋቅ ፋቅ አድርጋትማ። መቼም የአሸንዳን ልብ ማን ያምናል።" ትተውለት ሄዱ።

ጥርስ ሠሪው ሞረዱን አነሣ። ሁለት ጊዜ ቢያስኬደው ያበቃል። ማገጃዋን አየ፤ የመኝታ ቤቱን ደረቅ ግድግዳ አሰበ፤ ሾርባውንም አሰበ። ሞረዱን አስቀምጦ የመንከሻ ወረቀቱን አወጣ። የወረቀቱ ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሃያ አምስተኛ ነው። ከማገጃዋ ጀርባ በቀኝ በኩል ሞከረ፤ በግራ በኩል ሞከረ፤ ከሥርም ሞከረ። በየትም አላለፈም።