ለምታይ ልጅ አንባቢ ፍለጋ

ሀጀራ ያን ሳምንት አምቦ ውስጥ ያላንኳኳችው የቢሮ በር የለም ማለት ይቻላል። ሰኞ ሱቁን ለባሏ ለቡርሃን ጥላ ወጣች። ማክሰኞም ጥላ ወጣች። ረቡዕ ላይ ቡርሃን፣ «አንቺ ሴትዮ፣ የሻርፕ ዋጋ እኔ የት አውቄ ነው የምሸጠው?» ብሎ ጮኸባት። «ገምት!» አለችውና ወጣች። ምን ታድርግ? የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። ልጇ ጦይባ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት አንዲት መስመር ማንበብ አትችልም። ቡርሃን ምሏል፦ ዘንድሮ ከወደቀች ትምህርት አበቃ፣ ሱቅ ትቆማለች። ጦይባ ደግሞ ሱቅ ከምቆም ብሞት ይሻለኛል የምትል ልጅ ናት።

ሳታነብ እንዴት ስምንተኛ ክፍል ደረሰች? ሀጀራም የክፍሉን ኃላፊ፣ መምህር ሆርዶፋን፣ ይህንኑ ነው የጠየቀችው።

«አንድ ለአምስት ነው የምናሠራቸው፣ አዴ ሀጀራ» አለ መምህሩ ጭንቅላቱን እያከከ። «የቡድን ሥራው ውጤት ለሁሉም እኩል ነው።»

የቡድኑ መሪ ሃቦኔ የምትባል ልጅ ናት። ሃቦኔ መጽሐፉን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ጦይባ አንዴ የሰማችውን አትረሳም፣ ሒሳቡን በቃሏ ሠርታ ለሌሎቹ ታስረዳለች። የክፍል ፈተና ሲመጣ ምርጫ ነው፤ ጦይባ ትገምታለች፣ ሃቦኔም አጠገቧ ተቀምጣለች።

«እያያችሁ ዝም አላችሁ?»

«ጎበዝ ናት እኮ! በቃል ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

ጠይቃት ታውቃለች! የወለደቻት እሷ አይደለችም እንዴ! ግን ሚኒስትሪ ላይ ሃቦኔ የለችም። ወረቀቱና ልጅቷ ብቻ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ዛሬ አይደለም። አንደኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ስትማር፣ «ቤት ውስጥ አማርኛ ስለምታወሩ ነው» ተባለ። አራተኛ ክፍል ላይ ወደ አማርኛው ሲያዛውሯት፣ «በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ስለጀመረች ነው» ተባለ። ቁርኣን ቤት ኡስታዙ ደግሞ፣ ሱራውን በቃሏ እንደ ውሃ ስታወርድለት እየሰማ፣ ፊደሉን መለየት ሲያቅታት ጊዜ፣ «ሁለቱ ፊደል አምታቷት ነው» አለ። «ያ አላህ!» አለች ሀጀራ። «ልጄ በሦስት ፊደል ስትወድቅ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሌላኛው ፊደል ነው!» ጎረቤቷ ካሰች በበኩሏ ፍል ውሃ ውሰጃት ብላ መከረቻት። የወገብ በሽታ ይመስል!

የጦይባን ዓይን አስመረመረች። «ከእኔ ዓይን ይሻላል» አለ ሐኪሙ። ጆሮዋንም አስመረመረች፤ እሱም ደህና ነው። ከዚያ አንዱ ጉደር ላይ ታምራት የሚባል ይህን ጉዳይ ያጠና አስተማሪ አለ ብሎ ጠቆማትና፣ ልጇን ይዛ በሚኒባስ ጉደር ወረደች። ሰውዬው ከጦይባ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። ካርድ አሳያት፣ ድምፅ አስደገማት፣ ታሪክ ነገራትና መልሳ እንድትነግረው አደረገ። ሲጨርስ፣ «ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። አእምሮዋም ምንም አልሆነም። ማንበብ ላይ ብቻ ነው የምትቸገረው፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ናቸው» አላት። ሀጀራ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰች። በስምንት ዓመት ውስጥ ልጇንም ፊደልንም ሳይወቅስ ችግሩን የነገራት የመጀመሪያው ሰው ነው።

«እንግዲያው ይህንኑ ጽፈህ ማኅተም ምታልኝ።»

«እኔ አስተማሪ ነኝ እህቴ፣ ሐኪም አይደለሁም። የእኔን ወረቀት ማን ይቀበላል?»

ወደ ሐኪም ስትመለስ «ይህ የትምህርት ጉዳይ ነው» አሏት። ወደ ትምህርት ስትሄድ «ይህ የጤና ጉዳይ ነው» አሏት። «ታዲያ ልጄ የማን ናት? የውሃና ፍሳሽ?» ብላ ጮኸች፤ ዘበኛው ነው ትከሻዋን ይዞ ያስወጣት።

ዓርብ ጠዋት ጦይባን አስከትላ ምዝገባው ቢሮ ገባች። መዝጋቢው ኦቦ ዱጋሳ ይባላል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሰልፉ ያደከመው ሰው ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማትና ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አወጣ። ልዩ ድጋፍ የሚፈልጉ ተፈታኞች የሚሞሉት ነው።

«እዚች ጋ ምልክት ያድርጉ» አለና በእስክሪብቶው ጫፍ አሳያት። «‘ዓይነ ስውር’ የምትለው ላይ። ለዓይነ ስውር አንባቢ ይመደባል፣ ተጨማሪ ሰዓትም አለው።»

«ልጄ እኮ ታያለች፣ ኦቦ ዱጋሳ!»

«አዴ ሀጀራ፣ አንባቢ ይፈልጋሉ አይፈልጉም? ወረቀት የሎትም። ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው። ጥቁር መነጽር ይግዙላት፣ ማን ይመረምራታል?»

ሀጀራ ሰውዬውን አየችው። ትስቅ ወይስ ትጮህ? የዓይን ሐኪሙ ደህና ናት ያላትን ልጅ በእስክሪብቶ ልታሳውር ነው! ግን ደክሟታል። የቡርሃን መሐላ አለ፣ ቢሮው ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ከኋላዋ ሰልፈኛው ያጉረመርማል። ምልክቱን አደረገችና ወረቀቱን ወደ ጦይባ ገፋችላት። «በይ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ።»

ጦይባ እስክሪብቶውን አነሳች። «ምን ይላል?»

ሀጀራ ወረቀቱን አየች። «አንባቢ ይመደብልኝ ይላል።»

ጦይባ አልፈረመችም። «ቆም አልሽ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ከመናገርሽ በፊት ቆም አልሽ። የትምህርት ቤት ካርዴን ስታነቢልኝም እንዲሁ ቆም ትዪና ነው ‘ጎበዝ ናት ይላል’ የምትዪኝ።»

የሀጀራ ፊት ነደደ። በየዓመቱ ካርዱ ላይ «ማንበብ ላይ ሰነፍ ናት፣ ትኩረት የላትም» ተብሎ ይጻፋል፤ በየዓመቱ እሷ ሌላ ታነባለች። ልጄን እንዳላሳዝናት ብላ ነበር እኮ!

«ታውቂ ነበር?»

«ሃቦኔ እንዳለ ነው የምታነብልኝ» አለች ጦይባ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ይህ ደግሞ ባሰ። «አሁን ምን ይላል፣ እማ?»

ሀጀራ እንዳለ አነበበች። «ዓይነ ስውር ናት ይላል።»

ጦይባ ወደ ኦቦ ዱጋሳ ዞረች። «ካለፍኩ ዘጠነኛ ክፍልም ዓይነ ስውር ነኝ? አሥረኛም?»

ኦቦ ዱጋሳ ኮሌታውን ነካካ።

«የቀረውንም አንብቢልኝ። ከላይ እስከ ታች፣ እንዳለ።»

ሀጀራ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ አነበበችላት። መስማት የተሳነው። የአካል ጉዳት ያለበት። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት። ከሁሉ በታች፣ «ሌላ ካለ ይገለጽ» ይልና ባዶ መስመር አለ።

«እቺን መስመር ማንም ሞልቷት አያውቅም» አለ ኦቦ ዱጋሳ ቶሎ ብሎ። «ከላይ ያሉት ቅጹን ሊመልሱት ይችላሉ። በኋላ አልነገርከንም እንዳትሉኝ።»

«አዲስ ቅጽ ይስጡን» አለች ጦይባ።

«ጦይባ!» ሀጀራ ክንዷን ያዘቻት። «ቢመልሱትስ? አባትሽን ታውቂዋለሽ አይደል? ሱቅ ነው!»

«ቢመልሱት እኔን መለሱኝ። ያኛውን ቢቀበሉት ግን እኔ ምን አገባኝ፣ የተቀበሉት ሌላ ልጅ ነው።»

ኦቦ ዱጋሳ ሰልፉን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ተነፈሰና አዲስ ቅጽ ሰጣቸው። ጦይባ ተናገረች፣ ሀጀራ ጻፈች። ልጅቷ እንደ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበር የምታስጽፋት፤ ሦስት ቃል ትልና እናቷ እስክትጨርስ ትጠብቃለች። ሀጀራ ባዶውን መስመር ሞላች፣ አልበቃ ሲላትም ወደ ኅዳጉ ዞረች።

«አሁን አንብቢልኝ።»

«‘ዓይኔ ያያል’» አለች ሀጀራ። «‘ጆሮዬም ይሰማል። ማንበብ ግን አልሆነልኝም። እባካችሁ ጥያቄውን የሚያነብልኝ ሰው ስጡኝ። መልሱን እኔ አውቀዋለሁ።’»

«እባካችሁ አላልኩም።»

«አላልሽም» አለች ሀጀራ። «እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ጦይባ እስክሪብቶውን ተቀበለቻት። «ይሁን፣ ተዪው» አለችና ፈረመች።