እርስዎ ይቅደሙ

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ብረት ሲሚንቶ ሲመታ ይሰማል፣ ደረጃው ላይ ግን ሰው ገና አልታየም። አቶ ሁንዴሳ ሊፈርሙ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

ላፍቶ በሚገኘው የምርጫ ጣቢያ የመራጮች ምዝገባ የመጨረሻ ቀን ነው። መዝጋቢው ቦና አያቱን አቶ ሁንዴሳን ለማምጣት ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምኗል። ሽማግሌው በንጉሡ ጊዜ ጭሰኛ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ፓርቲው አንድ ነው ብለው መምረጡን ተዉት፤ ፓርቲው ሲበዛ ደግሞ «የቱ የማን እንደሆነ ምን አውቄ» እያሉ ሰማንያ ዓመት ሞላቸው። ዛሬ እሺ ብለዋል። ስማቸው ተጽፏል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

ጫፉ ብረት የሆነ ከዘራ የያዙ ቀጭን አሮጊት በበሩ ገቡ። አቶ ሁንዴሳ ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አደገደጉና አንገታቸውን ደፉ።

«እመቤቴ» አሉ።

ቦና ዓይኑን ማመን አቃተው። «መሬት ላራሹ የታወጀ ቀን ጋቢዬን ከወገቤ ፈታሁ፤ ከዚያ ወዲያ ለሰው አላደገደግኩም» እያሉ ያሳደጉት እኚሁ ሰው ናቸው።

አጠገቡ ተቀምጣ የምትመዘግበው ቤቴል ጠጋ ብላ «ፋዘር ምን ነካቸው? የድሮ ፍቅራቸው ናቸው እንዴ?» አለችው።

«አካኮ፣ ይቀመጡ እንጂ። እዚህ በተራ ነው» አለ ቦና ለአያቱ።

«ዝም በል አንተ። የፊታውራሪ ልጅ ናቸው፣ ወይዘሮ ሸዋረገድ። ይኼ ኮንዶሚኒየም ሁሉ የቆመበት መሬት የአባታቸው ነበር። ከዘራውም የፊታውራሪ ነው፤ አውድማ ላይ መምጣታቸውን በድምፁ ነበር የምናውቀው።» ወንበሩን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ይቅደሙ እመቤቴ።»

ወይዘሮ ሸዋረገድ ትክ ብለው አዩዋቸው። በፊታውራሪው ቤት የአምስት ዓመት ሕፃን እንኳ የሁንዴሳን አባት «አንተ» ብሎ ነበር የሚጠራው። ቦና ይኼን ከአያቱ ስንት ጊዜ ሰምቷል። አሁንም ያው ሊሆን ነው ብሎ ጥርሱን ነከሰ።

«ሁንዴሳ?» አሉ ሴትዮዋ። ቀጥለውም «አቶ ሁንዴሳ፣ እኔ ኋላ ነው የመጣሁት። እርስዎ ይቅደሙ» አሉ።

ሽማግሌው በጥፊ የተመቱ ያህል ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ።

«ማን?»

«እርስዎ።»

«ኧረ እንዲህ አይበሉኝ፤ እኔ ከእመቤቴ ልቅደም?» አሉ አቶ ሁንዴሳ።

ቦና ተነሥቶ ብዕሩን ዘረጋላቸው። «አካኮ፣ ፊርማዋ ብቻ እኮ ናት የቀረችው። ነገ አይቻልም።»

ብዕሩን አዩ፤ ሴትዮዋን አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን እንዳደገደጉ፣ ሳይፈርሙ፣ ተሰላፊውን እየገፉ ወጥተው ሄዱ።