በሙጫ የተጣበቀችው ሴትዮ

አለቃዬን፣ ምላጩን፣ በአፌ «ጋሼ» እና «እርስዎ» እለው ነበር። በልቤ ግን አንድም ቀን አንቱ ብዬው አላውቅም። ይህን የምጽፈው ከልቤ ስለሆነ «እሱ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ የከፋው ይክፋው።

ቅጽል ስሙን ያወጣንለት እኛ ሠራተኞቹ ነን። የቢሮው ትልቁ ክፍል መሃል ላይ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ። አንድ ወጣት አርክቴክት ሳምንታት ፈጅቶ ከካርቶን የሠራውን የሕንጻ ሞዴል እዚያ ላይ ያስቀምጥና አጠገቡ ይቆማል። ምላጩ ይመጣል። ከደረት ኪሱ ቢጫ እጀታ ያለውን የካርቶን መቁረጫ አውጥቶ ስለቱን ጠቅ ጠቅ እያደረገ ይስበዋል። ከዚያ ያልወደደውን ቆርጦ ወለሉ ላይ ይጥላል። ጣሪያ ይሁን ግድግዳ ምርጫ የለውም። ለምን ብሎ ለጠየቀው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ራስህ ካላወቅከው ብነግርህም አይገባህም ይላል። ይህን ነበር ማስተማር የሚለው። ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ ቁርጥራጩን ሲለቅም እኛ ሌሎቻችን ኮምፒውተራችን ላይ አቀርቅረን፣ ተረኛ ባለመሆናችን ደስ ይለን ነበር። ደስ ስላለንም እናፍር ነበር።

እኔን ገና ስገባ ሰው ቆራጭ አደረገኝ። ሞዴል ውስጥ የሚቆሙትንና የሚቀመጡትን ትንንሽ ሰዎች ከካርቶን መቁረጥ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ጸጉሬ እስኪሳሳ የተማርኩት ለካ ለዚህ ኖሯል። በእኛ ሞዴሎች ላይ አንድ አዋቂ ሰው ከአውራ ጣቴ የላይኛው አንጓ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ትክክለኛው ልኩ እሱ ነው። ምላጩ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ጠርቶ የቢሮውን ብልሃት ነገረኝ። ክፍሉ የጠበበ ሲመስል ክፍሉን አትነኪም፤ ሰዎቹን ታሳንሻለሽ። ዓይን ቤትን የሚለካው በሰው ነው፤ ሰዎቹ ካጠሩ ጠባቧ ክፍል አደባባይ ትመስላለች። ደንበኛ ማስመሪያ ይዞ አይመጣም። ታቹ ወፍራም በሆነ ብርጭቆ ሻይ እንደሚሸጥ ሰው ነበርን፤ ሲያዩት ሙሉ ነው፣ ሲጠጡት ሁለት ጉንጭ።

አሳነስኩ። ታዝዤ አሳነስኩ፣ እየሰደብኩት አሳነስኩ። አጠገቤ የሚሠራው የምላጩ ታማኝ፣ ስሙ ሳይጠራ «አቤት» የሚል ሰው ስለነበር አቶ አቤት ብለነዋል፤ እሱ የካርቶን ሰዎቹ ቁመት አልቀነሰም ብሎ ሲጠረጥር በራሱ እጅ ከእግራቸው ይቆርጥላቸው ነበር።

ነገሩ የመጣው የአንድ ሆስፒታል ሥራ ሲመጣ ነው። የተመላላሽ ታካሚዎች መጠባበቂያ አዳራሽ ነበር፤ ዲዛይኑን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የሣልኩት እኔ ነኝ። የእናቴ ቀኝ ጉልበት አይታጠፍም። ሆስፒታል ስወስዳት እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፤ የሚያልፍ ሁሉ ይሰናከልባታል፣ ከዚያ ጥፋቱ የሷ ይመስል ይቆጣታል። እሷም ይቅርታ ትላለች። እግሯን በሁለት እጇ ይዛ ለመሰብሰብ ስትታገል ማየት አንጀቴን ይበላዋል። ስለዚህ አዳራሹን ስሠራ ከአግዳሚ እስከ አግዳሚ ያለውን ርቀት የለካሁት በተዘረጋ እግር ነው። እግር ተዘርግቶም አልጋ የሚገፋ ሰው በመሃል ማለፍ አለበት አልኩ።

ምላጩ ሞዴሉን አየና መቁረጫውን አወጣ። የፊቱን ግድግዳ ቆርጦ ወደ ውስጥ ገፋው፤ ከአዳራሼ ከሲሶ በላይ ሄደ። በተረፈው ቦታ ላይ ወፋፍራም ምሰሶዎች ያሉት በረንዳ ተከለ። የሱ ሕንጻ ሁሉ ፊት ላይ ያ በረንዳ አለ፤ ፊርማው ነው። ቦታውም ገንዘቡም የተወሰነ ስለነበር በረንዳው የሚበላው ከበሽተኞቹ መቀመጫ ነበር። ይህንኑ ነገርኩት። እግር የሚዘረጋበት የለም፣ አልጋ አያልፍም አልኩት። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«በሽተኛ የሚመጣው ሊታከም ነው፤ እግሩን ሊዘረጋ አይደለም። ሕንጻ የሚታየው ከመንገድ ነው» አለኝ። «ሰዎቹን አሳንሻቸው።»

አላሳንስም አልኩት። ምላጩ ሁሉም እየሰማ ውል ገባ። ሞዴሉን ለሆስፒታሉ ኮሚቴ የማቀርበው እኔ ነኝ። ኮሚቴው ከወደደው ግንባታውን እስከ መጨረሻው እኔ እመራለሁ፤ በዚያ ቢሮ ውስጥ ፕሮጀክት የምትመራ የመጀመሪያዋ ወጣት እሆናለሁ። ካልወደደው ሌላ ቢሮ እፈልጋለሁ። በሰዎቹ ቁመት ጉዳይ እንዳሻሽ አለኝ። እንዳሻሽ የሚል ሰው እንዳልነበረ እያወቅኩ አመንኩት። ያኔ ሥልጣን አምሮኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ሰዎቹን በልካቸው ቆረጥኳቸው። ጠባብነቱ በግልጽ ይታያል፤ ይታይ ብዬ ነው። ሌሎቹን እንደ ልማዳችን በስፒል ተከልኳቸው፤ እያነሳን ስለምንቀያይራቸው። አንዷን ግን እግሯን ዘርግታ አግዳሚ ላይ የተቀመጠች አድርጌ ቆረጥኳት። በስፒል አልቆም አለች፤ ስለዚህ በሙጫ አጣበቅኳት። ማን እንደሆነች ለማንም አልተናገርኩም። ከሰዓት በኋላ የእናቴ ቀጠሮ ስለነበረ ሞዴሉን በጨርቅ ሸፍኜ ወጣሁ።

በማግሥቱ ጠዋት የሆስፒታሉ ስብሰባ ክፍል ውስጥ ቆምኩ። ወደዚያ ስንገባ በአሮጌው መጠባበቂያ አልፈን ነበር፤ ሰዉ ወንበር አጥቶ ወለል ላይ ተቀምጧል፣ ምላጩ ጫማው እንዳይነካቸው ሱሪውን ሰብስቦ በመሃላቸው አለፈ። በጠረጴዛው ዙሪያ ዋና ሐኪሟ፣ የፋይናንስ ኃላፊውና ሌሎች ጥቂት የኮሚቴ አባላት ነበሩ። ምላጩ ከጀርባዬ፣ አቶ አቤት ከምላጩ ጀርባ ቆመዋል። ጨርቁን ገለጥኩ።

ሰዎቼ የሉም። በምትካቸው ሌሎች፣ እግራቸው ያጠረ፣ ሚጢጢ ሰዎች ተተክለዋል። አዳራሹ ሜዳ መስሏል። ከመሃላቸው እናቴ፣ ሙጫው አልላቀቅ ስላላቸው ትተዋት፣ ግዙፍ ሆና እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ዞር ብዬ አቶ አቤትን አየሁት። ጣሪያውን ይመረምራል።

ዋና ሐኪሟ ስፋቱን አደነቁ። ሌሎቹም አደነቁ። የፋይናንስ ኃላፊው ግን አጎንብሰው ጣታቸውን ወደ እናቴ ቀሰሩና ይቺ ግዙፍ ሴትዮ ማን ናት ብለው ሳቁ። ምላጩ ሳይዘገይ ከኋላዬ መለሰ፤ ዙሪያዋ ያሉት ሕፃናት ናቸው፣ የክትባት ቀን ነው አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በሳቁ መሃል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ቀጥዪ፤ ሥራው እጅሽ ገብቷል» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ዝም ብል ሥራው የኔ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም ብዬ ስንት ዓመት እንደኖርኩ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ግን እነዚያ ሰዎች የሚስቁት በእናቴ ነበር። በእውነተኛው አዳራሽ የሚቆጧት ሳያንሱ፣ በካርቶኑም ይስቁባታል።

«ሕፃናት አይደሉም» አልኩ። «ትክክለኛዋ እሷ ናት። ሌሎቹ ናቸው ያነሱት።»

ወደ አቶ አቤት ሄጄ እጄን ዘረጋሁና «ሰዎቼን» አልኩት። ምስኪን፣ ልማድ ነውና «አቤት» ብሎ ኪሱን ዳበሰ፤ በፖስታ ጠቅልሎ ይዟቸው ኖሯል። ሲያቀብለኝ ምላጩ ያየበት አስተያየት ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደስ ይለኛል። ሚጢጢዎቹን ነቅዬ የኔዎቹን አንድ በአንድ ተከልኳቸው። አዳራሹ ዓይናቸው እያየ ጠበበ። ጉልበት ከጉልበት ተጋጨ፤ የእናቴ እግር መተላለፊያውን ዘጋው። ለአልጋ ቀርቶ ለሰው የሚሆን ቦታ ጠፋ።

ዋና ሐኪሟ መነጽራቸውን አወለቁ። ይሄማ አሁን ያለን አዳራሽ ነው አሉ። የፋይናንስ ኃላፊው ሳቃቸውን ጨርሰው፣ የሚጨመር ገንዘብ እንደሌለ፣ ስፋቱ ከየት ሊመጣ እንደሚችል ጠየቁ። እኔም ወደ ምላጩ ዞሬ እጄን ወደ ደረት ኪሱ ዘረጋሁ።

«ጋሼ፣ መቁረጫዎን ያውሱኝ።»

ኮሚቴው እያየው ነበር፤ ምን ያድርግ። ሰጠኝ። ስለቱን ጠቅ ጠቅ አድርጌ ሳብኩና በረንዳውን ከነምሰሶዎቹ ከሥሩ ቆረጥኩት፤ እሱ እንደሚያደርገው ወለሉ ላይ ጣልኩት። እሾህን በእሾህ። አንድ ነገር ግን እሱ የማያደርገውን አደረግኩ፤ ለምን እንደቆረጥኩ ተናገርኩ። የፊቱን ግድግዳ በረንዳው በነበረበት ላይ አቆምኩት። አግዳሚዎቹን አራቅኳቸው። ካርቶን ቀድጄ በልኩ አንድ አልጋ ሠራሁና በእናቴ እግርና በፊቷ ባለው አግዳሚ መካከል ገፋሁት። አለፈ።

ኮሚቴው እዚያው ተስማማ። ዋና ሐኪሟ ይህችን ልጅ ከየት አገኟት ብለው ምላጩን ጠየቁት። እኔ ከቢሮ የሚያባርረኝን ቃል እየጠበቅኩ ነበር። እሱ ግን ፈገግ ብሎ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።

«ከገባችበት ቀን ጀምሮ እጇን ይዤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እኔ ዘንድ ወጣት የሚሠለጥነው እንዲህ ነው፤ የራሴን በረንዳ እስኪቆርጥ ድረስ።»

አጨበጨቡ። ለሱ። የትከሻዬ ቆዳ ከሸሚዜ ውስጥ ሊሸሽ የፈለገ መሰለኝ። ዋና ሐኪሟ ግንባታውን እሷ ትምራው ሲሉ እንዴታ አላቸው።

ግቢው ውስጥ መኪናው ጋ ስንደርስ እጁን ዘርግቶ መቁረጫውን ተቀበለኝና ኪሱ ከተተው። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ሥራውን አቶ አቤት እንደሚመራው፣ እኔ ደግሞ ዕቃዬን በዚያው ቀን እንድሰበስብ ነገረኝ። ለኮሚቴው ታመመች ይባላል፤ ደግሞም ማን ያስታውሳል። ውላችንን አስታወስኩት።

«ያሳመንሽው ኮሚቴውን ነው» አለኝ። «እኔን አላሳመንሽም።»

«አንተን ለማሳመን አልነበረም የቆምኩት» አልኩት። አንተ የሚለው ቃል ከአፌ የወጣው ያኔ ነው። አቶ አቤት በድንጋጤ የመኪናውን በር ከፍቶ ቀረ። ምላጩ ገብቶ ተቀመጠና በሩን ዘጋ።

አሁን ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ ባለች ክፍል የራሴን ሥራ እሠራለሁ። ትንንሽ ሥራ ነው፤ የሱቅ መደርደሪያ፣ የደረጃ እድሳት፣ አንዳንዴ መኖሪያ ቤት። ሁለት ወጣቶች አብረውኝ ይሠራሉ። ሥራቸውን ስቆርጥ ምክንያቱን እነግራቸዋለሁ፤ አንዳንዴ ተከራክረው ይረቱኛል፣ ያናድደኛል፣ እተወዋለሁ። ሰዎች ምላጩ ጥሩ እጅ አውጥቶልሻል ሲሉኝ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል። ስለት አያያዝ ከሱ አይቻለሁ፤ አልክድም። ማመስገን ግን አላመሰግነውም።

ለእናቴ ቢሮ ቀየርኩ ብቻ ነበር ያልኳት። ሙሉውን ብነግራት በዚያ በማይታጠፍ ጉልበቷ የምላጩን ቢሮ ደረጃ ወጥታ ታዋርደው ነበር። ስሙንም አታውቀውም፤ ቤት ውስጥ የምረግመው በቅጽል ስሙ ነው።

አዳራሹ ተሠርቶ የተከፈተ ሰሞን ቀጠሮዋ ደረሰና ይዣት ሄድኩ። ምሰሶ የለም። ግድግዳው እኔ ባቆምኩበት ቆሟል። አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳት፤ እንደ ልማዷ ፈራ ተባ እያለች እግሯን ዘረጋች። አንድ ሰው ባዶ አልጋ እየገፋ በፊቷ መጣ። እግሯን ለመሰብሰብ በሁለት እጇ ስትይዘው ክንዷን ያዝኩና «ተይው፣ እማ» አልኳት። አልጋው ሳይነካት አለፈ። ሰውየው ዞር ብሎ እንኳ አላያትም።

እናቴ የአልጋውን ጀርባ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ዓይኗ ፊት ለፊታችን ግድግዳው ላይ ያለ የእብነ በረድ ጽሑፍ ላይ አረፈ። ዓይኗን አጥብባ አነበበችው። ከላይ የምላጩ ሙሉ ስም ከነማዕረጉ ነው፤ ከሥሩ የአቶ አቤት።

«ይሄ ሰውዬ» አለች የላይኛውን በጣቷ እያሳየችኝ፣ «እናቱን ጉልበቷን ያማት ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ያላየ ሰው አይሠራውም።»

«ያማታል» አልኩ።

«እናቱን ያኑርለት» አለች።

«አሜን» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።