የጊልጊት መታጠፊያ

«ማሽኑ ነው ጉድ የሚሠራኝ» ይሉ ነበር አባቴ፣ አውሮፕላናቸውን ተራራ ላይ በለጠፉ ቁጥር።

አውሮፕላኑ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ነው። አባቴ፣ ካፒቴን ሙምታዝ ሽግሪ፣ የሥራ ዘመናቸውን ከኢስላማባድ በተራሮች መሃል ወዳለችው ጊልጊት ሲመላለሱ ነው የጨረሱት። ጡረታ ሲወጡ ራዋልፒንዲ ከሚገኘው ቤታችን አንዷን ክፍል ያዙና ያንኑ መስመር በስክሪን ያበሩ ጀመር። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የድሮ ረዳት አብራሪያቸው፣ እንደ አጎት ቆጥሬ ቻቻ የምላቸው ፈሩኽ፣ ሻይ ይዘው ከጎናቸው ይቀመጣሉ። የእሳቸው ሥራ በአባቴ አበራረር ላይ መፍረድ ነው።

ከረመዳን በኋላ ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ጠርጥሮ የአንጎል ምርመራ አዘዘ። አባቴ እምቢ አሉ።

«ጊልጊት የሚያርፍ ሰው አንጎሉ ምን ይሆናል?»

«አሁን እኮ አያርፉም፣ አቡ። ተራራ ነው የሚገቡት» አልኳቸው፤ አቡ የምለው አባቴን ነው።

«ምስሉ እየተቆራረጠ! በዚህ ማሽን ንስርም ተራራ ይገባል።»

«ባስተካክለውስ?»

«አስተካክለሽው ከሳትኩ፣ እንኳን ምርመራ መቃብርም ውሰጂኝ።»

«ምርመራው ይበቃኛል» አልኩ።

የተማርኩት ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ነው፤ በዚህ የተነሳ ዘመድ ሁሉ ኮምፒውተር ጠጋኝ አድርጎኛል። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁትና ዊንዶውስ ሳይከፈት የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ ወደሆነው ባዮስ ገባሁ። ችግሩ እዚያው ነበር። የሸጡልን ሰዎች ፈጣን ሚሞሪ ገጥመው በዝግተኛው ፍጥነት እንዲሠራ ትተውታል፤ የተሠራበትን ፍጥነት መረጥኩለት። ፕሮሰሰሩ ኃይል ለመቆጠብ በየመሃሉ እንዲያንቀላፋ የሚያደርገውን ቅንብር አጠፋሁ። ፕሮሰሰሩ የግራፊክስ ካርዱን ሚሞሪ ቆርሶ ሳይሆን ሙሉውን እንዲያገኝ ፈቀድኩ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚነካካ ሰው የትኛው እንዳዳነው የትኛው እንደገደለው አያውቅም፤ ስለዚህ አንዱን ለውጬ፣ አስነስቼ፣ ሞክሬ ነው ወደ ሌላው የሄድኩት። ስጨርስ ሸለቆው ያለ አንዳች መቆራረጥ በስክሪኑ ላይ ፈሰሰ። ከእንግዲህ ሰበብ የለም ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ቻቻ ፈሩኽ ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ፣ «ካፒቴን ሳሂብ፣ መንገደኞቹ ዱዓቸውን አድርገዋል ወይስ ሄጄ ልንገራቸው?» አሉ።

«አንተ መጀመሪያ ቀበቶህን እሰር፤ ቦርጭህ ከፈቀደልህ።»

ከኢስላማባድ ተነሡ። የናንጋ ፓርባት ተራራ በቀኝ በኩል በረዶዋን ለብሳ አለፈች። ከሥር ኢንደስ ወንዝ። «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ አባቴ፤ ድምፃቸው የዩኒፎርማቸው ዘመን ድምፅ ሆነ። ከፊታችን ሸለቆው ወደ ጊልጊት የሚታጠፍበት ቦታ መጣ። እዚያ ወደ ግራ መዞር የሚጀመረው ገና መታጠፊያው ሳይከፈት ነው፤ ያዘገየ ሰው መመለሻ ስፋት አያገኝም። አባቴ ይህን ለስንት ወጣት አብራሪ አስተምረዋል።

«ሙምታዝ፣ ወደ ግራ» አሉ ቻቻ ፈሩኽ።

የአባቴ እጅ መሪው ላይ ነው። አልተንቀሳቀሰም።

«ሙምታዝ!»

«ወዴት?» አሉ አባቴ።

ተራራው ሳይቆራረጥ መጣ። የያንዳንዱ ድንጋይ ጥላ ሳይቀር ይታይ ነበር።

የቻቻ ፈሩኽ ብስኩት ተቆርሶ ሻዩ ውስጥ ወደቀ። አባቴ የጆሮ ማዳመጫቸውን አወለቁ፣ ገመዱን በጥንቃቄ ጠቀለሉት።

«ማሽኑ ደህና ነው» አሉ። «ሰኞ ውሰጂኝ።»

ሐኪሙ የጠረጠረው ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ሊያዘገየው ይችላል፣ አይመልሰውም። አባቴ መልሱን ሰምተው ሐኪሙን በትሕትና አመሰገኑት፤ ወደ ቤት ስንመለስ ግን መኪናዬ በየት በኩል እንደሚከፈት አልገባቸውም።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ክፍሉን አልረገጡም። ቻቻ ፈሩኽ ዓርብ ዓርብ መምጣታቸውን አልተዉም፤ የጠፋው ስክሪን ፊት ተቀምጠው ስለ ድንች ዋጋ ያወራሉ። አባቴ በረንዳ ላይ ሆነው ይሰማሉ፣ ወይም አይሰሙም። እውነቱን ፈልጌ ነበር፣ አገኘሁት። ምን እንደማደርገው ግን አላውቅም።

አንድ ዓርብ ቻቻ ፈሩኽ ከመስጊድ ሳይመለሱ ባዮስ ውስጥ ገባሁና ያበራሁትን አጠፋሁ፣ ያጠፋሁትን አበራሁ። ከዚያ በረንዳ ወጣሁ።

«አቡ፣ ያ ማሽን እንደገና መቆራረጥ ጀምሯል። እስቲ ይዩት።»

«እንደገና?» አሉ። ተነሡ።

ቻቻ ፈሩኽ ደርሰው ቦታቸውን ያዙ። አውሮፕላኑ እየተንገጫገጨ ናንጋ ፓርባትን አለፈ። መታጠፊያው ጋ ምስሉ ቆመ፣ ዘለለ፣ ተራራ ውስጥ ገባን።

«አየህ ፈሩኽ? አየህ? ማዞር ስጀምር ቆመ!»

እጃቸው አልተንቀሳቀሰም ነበር። እያየሁት ነበር። ቻቻ ፈሩኽም ያዩት ያንኑ እጅ ነው።

«አየሁ፣ ካፒቴን ሳሂብ» አሉ። «ቆሻሻ ማሽን ነው።»

«ቆሻሻ! አንቺ ደግሞ መሐንዲስ ነኝ ትያለሽ!»

«ነገ አስተካክለዋለሁ፣ አቡ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። እያወቁ ይሁን ስሜን እየፈለጉ ይሁን መለየት አልቻልኩም።

«ምን ያስቸኩልሻል» አሉና እንደገና ከኢስላማባድ ተነሡ።