በሥዕሉ ላይ የሌለ ቀለም

«ሰማያዊ አራት። ቢጫ ሁለት።»

የሚጢጢ ጣቶች ወደ ቢጫው ክር ሄደው ነበር፤ ዓይኗ ግን ቀድሞ ከምንጣፉ ድር በላይ የተሰቀለው ረቂቅ ሥዕል ላይ አረፈ። እዚያ ቦታ ቢጫ የሚባል ነገር የለም። እንደለመደችው ሰማያዊውን ቋጠረችና በብረት ማበጠሪያው ጠቀጠቀችው።

ሃምሳ ዓመት አልፏትም ሚጢጢ መባሏ አልቀረም። ስሙን ያወጣችላት አጠገቧ የተቀመጠችው ታላቅ እህቷ ናት፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደገቻት፣ በዚሁ አግዳሚ ላይ አስቀምጣ ቋጠሮ ያስተማረቻትም እሷው ናት። ሥራቸው ያኔም ዛሬም አንድ ነው። ታላቂቱ ሥዕሉን እያየች ቀለም ትጠራለች፣ ታናሺቱ ሱፉን ትቋጥራለች። በአበባው ምንጣፍ ዘመን ስህተት ቢኖር ቅጠሉ ራሱ ያሳብቅ ነበር። ይሄኛው ሥዕል ግን የቱ ራስጌ የቱ ግርጌ እንደሆነ እንኳ አይለይም። እትዬ መጀመሪያ ያየችው ቀን «ሰውዬው ብሩሹን የጠረገበትን ነው እንዴ የላከልን?» ብላ ሠራተኛውን ሁሉ በሳቅ ገድላው ነበር።

የእትዬ ጥሪ ከሥዕሉ ጋር መግጠም ካቆመ ሁለት ወር ሆነው። ሚጢጢ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አለቃው ከሰማ እህቷን አመስግኖ ወደ ቤት ይሸኛታል፤ ቤት ደግሞ ከግድግዳ በቀር የሚጠብቃት የለም። ስለዚህ ጆሮዋ ሌላ እየሰማ እጇ ሌላ ይቋጥራል። ዛሬ ሰዓሊው ሥራውን ሊያይ ይመጣል፤ ዛሬ ብቻ እንደምንም ባለፈላት።

እትዬ ድንገት ጥሪዋን አቆመች። አጎንብሳ አዲሱን ረድፍ በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ቢጫ አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል እትዬ።»

«ታዲያ የታለ?» ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ከመቼ ወዲህ ነው እኔን መስማት የተውሽው?»

እውነቱን ለመናገር የሚጢጢ አንጀት አልቻለም። ሁለቱን ሰማያዊ ቋጠሮዎች ፈታችና ቢጫ ቋጠረችባቸው።

«እንዲህ ነው እንጂ!» የእትዬ ፊት በራ። «በይ ተከተይኝ። ቀይ ሦስት። ነጭ አንድ። ቀይ ሦስት።»

አሁን ሥዕሉን እያየች አይደለም፤ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው፣ ጥሪዋም እንደ ወጣትነቷ ፈጥኗል። የሚጢጢ ጣቶች ሳታዛቸው ቀድመው ሄዱ። የሚቀጥለውን ያውቁታል። በዘጠኝ ዓመቷ የተማረችው የመጀመሪያው ምንጣፍ ነው፣ ጽጌረዳው። ከአበባው ቀጥሎ ቅጠሉ ይመጣል።

«አረንጓዴ አምስት።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። ለዚህ ሥዕል ተብሎ በተነከረው ክር ውስጥ አረንጓዴ የለም፤ ከመደርደሪያው እስከ ጓዳው ድረስ አንድ ድውር እንኳ የለም። ከደረጃው በኩል የአለቃው ሳቅና የእንግዳው ኮቴ ተሰማ።

«አረንጓዴ አምስት፣ ሚጢጢ» አለች እትዬ፣ ለትንሽ ልጅ እንደሚነገረው ረጋ ብላ። «አይዞሽ፣ አትቸኩይ። እጠብቅሻለሁ።»